ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ግን ወዴት?

ብርቅዬ ዔሊ በቤታቸው ለማሳደግና ለማራባት ለሚያስቡ ባልና ሚስት

እስቲ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። የምትኖሩት በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ክረምት ከበጋ ፀሐይ በማይጠፋበት አንድ ከተማ ነው እንበል። የስምንት ዓመት ልጃችሁ ከጓደኛው የልደት በዓል ሲመለስ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ታቅፏል። ስትከፍቱት አንዲት ግልገል ዔሊ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታያችኋለች። ከዶሮ እንቁላል ብዙም አትበልጥም። የጓደኛው አባት፣ «እኛ ቤት ሞልቷል፤ አንዷን ውሰድ» ብሎ ሰጥቶታል። ልጁ ገና መንገድ ላይ ሳለ ስም አውጥቶላታል።

አባት፣ «አንዲት ዔሊ ምን ታስቸግራለች? ከሰላጣችን ቅጠል ጣል ማድረግ ነው» ይላል። እናት፣ «ሳምንት አይሞላም፣ እኔው እጅ ላይ ትወድቃለች» ትላለች። ልጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ ያለቅሳል።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነው? እናት ወደ እውነቱ ትቀርባለች። ነገር ግን እሷም ብትሆን የገመተችው የሳምንታትን ድካም ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን ከሁለቱም ዕድሜ ሊተርፍ የሚችል ኃላፊነት ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ዔሊ አታሳድጉ ለማለት አይደለም። ፍጥረትን መንከባከብ መልካም ነገር ነው፤ ልጆችንም ብዙ ያስተምራል። የምንለው፣ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት እሺ የምትሉት ለምን እንደ ሆነ ዕወቁ ነው።

ከእኛው ምድር የሄደ እንግዳ

በአሜሪካ በብዙ ግቢ የሚታየው ይህ ዔሊ በተለምዶ «ሱልካታ» ይባላል። የትውልድ ስፍራው አፍሪካ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው ደረቅ ምድር፣ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ይገኛል። ከኋላ ጭኖቹ ላይ ሹል ሹል ቅርፊቶች አሉት። በአህጉር ምድር ላይ ከሚኖሩ የየብስ ዔሊዎች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ በግዝፈት የሚበልጡት በጋላፓጎስና በአልዳብራ ደሴቶች የሚኖሩት ብቻ ናቸው።

ያቺ በእጅ መዳፍ ላይ የተቀመጠች ግልገል ስታድግ 40 እና 50 ኪሎ ትመዝናለች። ወንድ ከሆነ ከ80 ኪሎ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ግልገል ሳለ ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይታወቅም። ዕድሜውም ከሃምሳ ዓመት ያልፋል። አሁን አስቡት፤ ልጃችሁ ዛሬ ስምንት ዓመቱ ከሆነ፣ ዔሊዋ ሃምሳ ዓመት ሲሞላት እርሱ የ58 ዓመት ሰው ይሆናል። ኮሌጅ ይገባል፣ ያገባል፣ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ዔሊዋ ግን በዚያው ግቢ ሣር ትግጣለች።

የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ሱልካታ ከመብዛቱ የተነሣ ማደሪያ ያጡ ዔሊዎችን የሚቀበሉ ማዕከላት ይጨናነቃሉ። በትውልድ አገሩ ግን እየጠፋ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሚያወጣው ቀይ መዝገብ ቀድሞ «ተጋላጭ» ከሚባሉት ጋር ይመደብ ነበር፤ አሁን ወደ ባሰው ወደ «አደጋ ላይ ያለ» ደረጃ ተዛውሯል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። የከብት መንጋ ሣሩን ይሻማዋል፤ የግጦሽ መሬት ይታረሳል፤ የሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፤ ሰዎችም ለሽያጭና ለምግብ ይለቅሙታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ ከዱር የተያዘ ሱልካታ ለንግድ ከአገር እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2000 ኮታውን ዜሮ አድርጎታል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዔሊና ሌሎች ሁለት የአፍሪካ ዔሊዎችን ወደ አገሩ ማስገባትን ከለከለ። የዚህኛው ምክንያት ዔሊውን ማዳን አልነበረም። ከዔሊዎቹ ጋር የሚመጡ መዥገሮች ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድል በሽታ እንዳያስገቡ ተፈርቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ ገበያ የምታዩት ግልገል በአብዛኛው እዚያው በሰው ግቢ የተፈለፈለ ነው።

ማደሪያው ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው ዔሊ የምትፈልገው የመስታወት ሣጥንና የሰላጣ ቅጠል ይመስለዋል። ይህ ለዔሊዋ የሥቃይ መጀመሪያ ነው። ማወቅ ያለባችሁ ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ምግብ፦ ሱልካታ ሣር በል ነው። ዋና ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው። የበለስ ቁልቋል ቅጠልም እሾሁ ተወልውሎ ቢሰጠው ደስ ይለዋል። ፍራፍሬ ሆዱን ያበላሸዋል። ለውሻና ለድመት የሚሰጥ ምግብ፣ ሥጋና ዳቦ ጨርሶ አይሰጠውም። ለአጥንቱና ለድንጋይ ልብሱ ካልሲየም ያስፈልገዋል።

ብርሃን፦ ካልሲየሙ ከሰውነቱ ጋር እንዲዋሐድ የፀሐይ ብርሃን ግድ ነው። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ አይበቃም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋልና። ግልገሏን ቤት ውስጥ የምታቆዩ ከሆነ ያንን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል መግዛት ይኖርባችኋል። ይህ ሲጓደል አጥንቷ ይለሰልሳል፣ ልብሷም ይጎብጣል።

እርጥበት፦ የበረሃ እንስሳ ስለ ሆነ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የሱልካታ ግልገሎች ጀርባ እንደ ተራራ ጉብ ጉብ የሚለው ከምግቡ ፕሮቲን ይልቅ በአየር ድርቀት ምክንያት እንደ ሆነ አሳይቷል። በዱር ያለው ዔሊ የቀኑን ንዳድ የሚያሳልፈው ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ እርጥበት አለው።

ቅዝቃዜ፦ አንዳንድ ዔሊዎች ብርዱን በእንቅልፍ ያሳልፉታል። ሱልካታ ግን አይተኛም። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት የሚሞቅ ቤት ሊሠራለት ይገባል። የመብራቱን ወጪ አስቡበት።

አጥር፦ ሱልካታ ቆፋሪ ነው። የሚቆፍረው ጉድጓድ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከቤት መሠረት ሥር ወይም ከጎረቤት ግንብ ሥር ሊቆፍር ይችላል። የሽቦ አጥር አይመልሰውም፤ ማዶውን እያየ ይገፋዋል። አጥሩ ድፍንና ጠንካራ መሆን አለበት። ሁለት ወንዶችን አንድ ላይ አታኑሩ፤ ይጋጫሉ፣ አንዱም ሌላውን ይገለብጣል። የተገለበጠ ዔሊ በጠራራ ፀሐይ ከቆየ ሊሞት ይችላል።

ጤና፦ ዔሊዎች ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሐዋስ ይዘው ይዞራሉ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ ልብሱ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ዔሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ክልክል ነው። ልጆች ትንንሾቹን ወደ አፋቸው ያስጠጉ ነበርና። ስለዚህ ዔሊዋን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ስፍራ አትጠቡት። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ አዛውንት ካሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

እንቁላሉ ሲመጣ

አሁን ደግሞ ዓመታት አልፈዋል እንበል። ዔሊዋ ሴት ሆና ተገኘች፤ እናንተም «ብቻዋን ምን ታደርግ?» ብላችሁ ወንድ አመጣችሁላት። አንድ ቀን ጠዋት በኋላ እግሮቿ አፈር ስትዝቅ ታዩዋታላችሁ። አንዱን ጉድጓድ ጀምራ ትተወዋለች፤ ሌላ ትጀምራለች። ደረቁን መሬት በሽንቷ ታርሰዋለች። በመጨረሻም ክብና ነጭ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚመስሉ እንቁላሎች አንድ በአንድ ትጥላለች። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ልትጥል ትችላለች። ከዚያ አፈሩን መልሳ ደፍና ትሄዳለች። እንደ ዶሮ አትታቀፍም።

ለማስፈልፈል የሚፈልጉ ሰዎች እንቁላሎቹን በጥንቃቄ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ዶሮ ያረባ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል፤ የዔሊ እንቁላል ግን መገላበጥ የለበትም። በውስጡ ያለው ሽል ከላይኛው በኩል ስለሚጣበቅ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ገና ከመነሣቱ በፊት ላዩ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ወደ ማስፈልፈያውም እንደ ነበረ ይገባል። ሙቀቱ በ28 እና በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል፣ ሳይዋዥቅ ይጠበቃል። ቀዝቀዝ ካለ ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ሞቅ ካለ ሴቶቹ ይበዛሉ። ጾታቸው የሚወሰነው በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ባገኙት ሙቀት ነውና።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሦስት ወር ገደማ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ልጆች በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ መልሱም በየቀኑ «ገና ነው» ነው። አንድ ቀን ግን ከአንዱ እንቁላል ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይታያል። ግልገሏ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ባለች ሹል ነገር ቅርፊቱን ወግታ ትሰብራለች። ቶሎ አትወጣም። ሆዷ ሥር የተረፈውን አስኳል እስክትስበው ድረስ አንድ ሁለት ቀን እዚያው ትቆያለች። በዚህ ጊዜ «ልርዳት» ብሎ መጎተት መግደል ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች አባባል በዓይናችሁ ፊት ሲፈጸም ማየት ደስ ያሰኛል። ልጆችም ትዕግሥትን ይማሩበታል። ጥያቄው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በእግሩ ይሄዳል፤ ግን ወዴት?

ሒሳቡን እንሥራ

አንዲት ሴት ዔሊ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 20 እንቁላል ጣለች እንበል፤ ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። ግማሹ ብቻ ተፈለፈለ ብንል 20 ግልገሎች ናቸው። በአሥር ዓመት 200 ይሆናሉ። ከእነዚህ እያንዳንዱ ሰፊ ግቢ፣ ድፍን አጥር፣ የሚሞቅ ቤትና ሃምሳ ዓመት ይፈልጋል። 200 እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ታውቃላችሁ?

ከጓደኛው አባት አፍ የወጣው «እኛ ቤት ሞልቷል» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ግልገሎች ሲፈለፈሉ ሳይደሰት አልቀረም። አሁን ግን የሚሰጥበት ቢያጣ ለልጆች ልደት ስጦታ አደረጋቸው።

ሌሎች ደግሞ ዔሊው ሲገዝፍባቸው በመኪና ጭነው በረሃ ይጥሉታል። ይህ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው። የአሜሪካ በረሃዎች የራሳቸው የበረሃ ዔሊ አላቸው፤ እርሱም በሕግ የተጠበቀ ነው። በሰው ግቢ ያደገ እንስሳ የመተንፈሻ አካል በሽታ ሊያስተላልፍበት ይችላል። በነገራችን ላይ የኔቫዳ ግዛት ይህንኑ የአገሩን የበረሃ ዔሊ በተመለከተ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ አዲስ የሚወስድ ሰው ከአንድ በላይ እንዳይዝ ደንብ አውጥቷል። በየቤቱ መራባቱ ለዱሩ ዔሊ ጥቅም ሳይሆን ሸክም ሆኖ ነበርና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወንድና ሴት አንድ ላይ አለማኖር ቀላሉ መንገድ ነው። አብረው ካሉም እንቁላሉ እንደ ተጣለ ወዲያው ማንሣትና አለማስፈልፈል ይቻላል። ከተቻለ ደግሞ ግልገል ከመግዛት ይልቅ ባለቤት ያጣ ትልቅ ዔሊ ከማዕከል መውሰድ ይሻላል። ትልቁን የወሰደ ሰው ምን እንደ ወሰደ ያውቃል።

ማራባት ማዳን የሚሆነው መቼ ነው?

«ዘሩ እየጠፋ ከሆነ ማራባቱ አይጠቅምም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

በምያንማር የበርማ ኮከብ ዔሊ የሚባለው ዝርያ ከዱር ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከ200 ባነሱ ዔሊዎች ጥበቃ በሚደረግላቸው ስፍራዎች ማራባት ተጀመረ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ አልፏል፤ ብዙዎቹም ወደ ተከለለ ዱር ተመልሰዋል። በሴኔጋልም ከዳካር ወጣ ብላ በምትገኘው ኖፍላይ የዔሊዎች መንደር ተቋቁሟል። ሴኔጋላዊው ቶማስ ዲያኝ ለሱልካታ በደከመው ድካም እ.ኤ.አ. በ1998 የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል አንዱ ነበር። ከዚያ መንደር የተነሡ ዔሊዎች ፌርሎ ወደሚባለው የተጠበቀ ምድር ተለቀዋል።

በእነዚህና በግቢያችን ማራባት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እነርሱ ግልገሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድመው አውቀዋል። መሬቱ ተከልሏል፣ የእያንዳንዱ ዘር ተመዝግቧል፣ ጠባቂ ቆሟል። መነሻው የማይታወቅ፣ ከወንድም ከእኅቱ የተዳቀለ፣ በሽታው ያልተመረመረ የግቢ ዔሊ ግን ወደ ሴኔጋልም ወደ ኢትዮጵያም ሊመለስ አይችልም። ልንወደው እንችላለን፤ ዘሩን አዳንሁ ማለት ግን አንችልም።

ይህን ልዩነት ሳያዩ ብርቅዬ የሆነውን ሁሉ ቤታቸው ለማድረግ የሚሹ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት የሌባ ደንበኛ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በማዳጋስካር፣ ቱሊያራ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ጨረርማ ዔሊዎች ወለሉ ላይ ተደራርበው ተገኙ። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የሆኑ ናቸው። ውኃና ምግብ አልነበራቸውም፤ በመቶ የሚቆጠሩም ሞቱ። ገዢ ባይኖር ኖሮ የሚለቅማቸው ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ብርቅዬ ዔሊ የሚሸጥላችሁ ሰው በሰው እጅ መፈልፈሉን የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ወረቀት ካላሳየ አትግዙ። «አዝኜለት ገዛሁት» ማለትም አይረዳም፤ በባዶው ስፍራ ሌላ ተይዞ ይመጣል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል አለን። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ስትጓዙ ነብርማ ነጠብጣብ ያለበት ትልቅ ዔሊ አስፋልት ሲያቋርጥ ልታዩ ትችላላችሁ። ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የሳይተስ አባል ናት፤ የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅም አላት። ዔሊውን ለልጆች መጫወቻ ብላችሁ ኮፈን ውስጥ አትክተቱት። መኪናውን አቁማችሁ ልጆቻችሁ ሲሻገር ይመልከቱት። መርዳት ካስፈለገም ይሄድበት ወደ ነበረው አቅጣጫ አሻግራችሁ ልቀቁት። ለልጆቻችሁ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም።

ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ

ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ ልጁም እያለቀሰ ሳለ፣ መወሰን ከባድ ነው። «እስከ ነገ ማታ ስጠን» በሉትና ሁለታችሁ ብቻችሁን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. የምንኖረው በራሳችን ቤት ነው ወይስ በኪራይ? አከራያችን ይፈቅዳል? የግዛታችንና የከተማችን ሕግስ?

2. ሥራ ቀይረን ወደ ቀዝቃዛ ከተማ ብንዛወር ዔሊዋን ምን እናደርጋታለን?

3. በየቀኑ የሚመግበውና የሚያጸዳው ማን ነው? ልጁ ሲሰለች ሥራው በአንዳችን ላይ ብቻ ይወድቃል ወይስ እንካፈለዋለን?

4. ለአምፖል፣ ለማሞቂያ፣ ለአጥርና ዔሊ ለሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም የሚሆን ገንዘብ በበጀታችን አለ?

5. እኛ ብናረጅ ወይም ብናልፍ ማን ይረከባታል? ሰውየውን ጠይቀነዋል?

መልሳችሁ «እንችላለን» ከሆነ ግልገሏን በደስታ ተቀበሉ፤ ብቻዋን ብትኖር እንደማትጎዳም ዕወቁ። ዔሊ ጓደኛ ስለ ሌላት አታዝንም። መልሳችሁ «አንችልም» ከሆነ ደግሞ አትፈሩ። ልጃችሁን ይዛችሁ፣ ሳጥኑን ታቅፎ፣ ዔሊዎችን ወደሚቀበል ማዕከል አብራችሁ ሂዱ። እዚያ ያሉትን ትልልቆቹን ይያቸው። ያቺ በእጁ ያለችው ምን እንደምትሆን በገዛ ዓይኑ ያያል። ምናልባት በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሄዶ ሣር ሊያበላ ይፈቀድለት ይሆናል።

ያን ቀን ያለቅስ ይሆናል። ነገር ግን አባቱና እናቱ ሊጠብቁት የማይችሉትን ቃል እንዳልገቡ ሲያድግ ይገባዋል። እሱም በተራው፣ እሺ ከማለቱ በፊት መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ የሚጠይቅ ሰው ይሆናል።